ርሆቦትን ማን ያውጣት

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጥቂት ገባ ብላ ባለች ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይጨቃጨቃሉ። ቤቷ የወልደሰንበት ናት። ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ዶማውና አካፋው፣ ባልዲውና ገመዱ የሚያድሩት እዚያ ነው። ወልደሰንበት አንድ ነገር ሲጠየቅ መልሱን ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው ጊዜ ይወስዳል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ነገር ቶሎ የማይገባው አድርጎ ያየዋል፤ እሱም ብዙም አይከፋውም። ሌላው ጋሽ ዳኛቸው ናቸው፤ ጡረተኛ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ያልተጠየቁትን ሁሉ የሚመልሱ። ለእድሩ ድንኳን የተዋሱትን ገመድ ዛሬ መልሰዋል። አጠቀላለላቸው ግን ወልደሰንበትን አላስደሰተውም።

ዳኛቸው፦ ገመድ የሚጠቀለለው በቀኝ ነው። ይሄ ያለቀ ነገር ነው።

ወልደሰንበት፦ ኧረ አላለቀም ጋሽ ዳኛቸው። ሠላሳ ሜትር ነው።

ዳኛቸው፦ ክርክሩ ነው ያለቀው።

ወልደሰንበት፦ (ገመዱን እየዳሰሰ) እሺ። እዚህ ጋ ግን ቋጥረውታል።

ዳኛቸው፦ ቋጠሮ አይደለም። ማጠናከሪያ ነው።

ወልደሰንበት፦ ጉድጓድ ስወርድ ማጠናከሪያዋ ብብቴ ሥር ትመጣለች።

ዳኛቸው፦ እንግዲህ አወራረድህን አስተካክል። እኔ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስንት ዓይነት ገመድ ተረክቤ አስረክቤያለሁ።

ወልደሰንበት፦ ወርደውበታል?

ዳኛቸው፦ ለማወቅ መውረድ አያስፈልግም።

(የወልደሰንበት ስልክ ይጠራል። ያነሳዋል። ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል። "እሺ… የት ጋ… እሺ… እንዳትንቀሳቀስ በላት" ብሎ ይዘጋዋል።)

ዳኛቸው፦ ምንድን ነው እሱ?

ወልደሰንበት፦ ሄኒ ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር ጉድጓድ የቆፈርኩላቸው ሰዎች ልጅ። ጓደኛው ካባ ውስጥ ገብታ መውጣት አቅቷታል።

ዳኛቸው፦ ካባ ውስጥ?

ወልደሰንበት፦ አዎ።

ዳኛቸው፦ ሙሽራ ናት?

ወልደሰንበት፦ ሰርግ እንኳ አላለኝም።

ዳኛቸው፦ ምርቃት ነዋ። ይሄ የኪራይ ካባ እኮ ልክ ሳይታይ ነው የሚታደለው። ዚፑ ነው የያዛት። ሻማ ቀቡት በላቸው፣ ሸርተት ይላል።

ወልደሰንበት፦ (አሰብ አድርጎ) ሻማውን ማን ይዞላት ይወርዳል?

ዳኛቸው፦ ወዴት ነው የሚወረደው?

ወልደሰንበት፦ ወደ ካባው። ጥልቅ ነው። ድሮ ለመንገድ ድንጋይ ይወጣበት የነበረው።

ዳኛቸው፦ (ኮታቸውን እያስተካከሉ) እኔም እሱን ነው ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ርሆቦት የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ከሄኒ ጋር ሆና ከዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየሞች ወዲያ ያለውን የተተወ የድንጋይ ካባ በገመድ ልትወርድ ሄደች። ሄኒ ከላይ ሆኖ ያያል፣ እሷ እየወረደች በስልኳ ትቀርጻለች። እግሯ ግማሹ ላይ ካለች የድንጋይ መደብ እንዳረፈ ገመዷ የታሰረበት ድንጋይ ከእርጥቡ አፈር ተነቀለና ድንጋይ፣ ወገቧ ላይ ያላሰረችው ገመድና ስልኳ አንድ ላይ ታች ወረዱ። ርሆቦት የበር ስፋት ባላት መደብ ላይ ቆማ ቀረች። ሄኒ መጀመሪያ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ደወለ፤ ተነስተዋል። መኪናቸው ግን ጭቃውን ስለማያልፍ የመጨረሻውን መንገድ ዕቃ ተሸክመው በእግር ነው የሚመጡት።

ዳኛቸው፦ በቃ፣ ባለሙያ ተጠርቷል። አንተ ምን ቤት ነህ?

ወልደሰንበት፦ (ገመዱን ትከሻው ላይ እያደረገ) ከላይዋ አፈር ይወርዳል አለኝ።

ዳኛቸው፦ ልጅቷ ሥራ ኖሯት ነው የወረደችው?

ወልደሰንበት፦ ቪዲዮ ልትቀርጽ።

ዳኛቸው፦ ያለ ሥራ በለኛ። አንተ ደግሞ ለሥራ የምትወርድ ሰው ነህ። ለሥራ የሚወርድ ሰው፣ ያለ ሥራ የወረደችን ሊያወጣ ሲወርድ ምን ይባላል?

ወልደሰንበት፦ ትርፍ ሰዓት?

ዳኛቸው፦ ቂልነት ነው የሚባለው።

ወልደሰንበት፦ እሺ። ቤቱን ልቆልፍ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ።

ዳኛቸው፦ እኔም እሄዳለሁ።

ወልደሰንበት፦ ሊረዱኝ?

ዳኛቸው፦ ልከለክልህ።

ታክሲ ከመጠበቅ ብለው ባጃጅ ያዙ። ወልደሰንበት ገመዱን ታቅፎ ወደ ሰማዩ ያያል፤ የወጨጫ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም፣ ደመናው ውጦታል። ጋሽ ዳኛቸው ግን ለሰማይ ጊዜ አልነበራቸውም።

ዳኛቸው፦ ይሄን ነገር በእድሩ ደንብ ላይ አስገባዋለሁ። የሚድን ሰው በሦስት ደረጃ ይከፈላል። አንደኛ፣ ያለ ጥፋቱ አደጋ የደረሰበት፤ ይህ ወዲያው ይወጣል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ጥፋት ያለበት፤ ይህ ተመክሮ ይወጣል። ሦስተኛ፣ እያወቀ የገባ። ለሱ ገመድ አይላክም።

ወልደሰንበት፦ መንገድ ሲሻገር ስልክ የሚያይ ሰውስ?

ዳኛቸው፦ ሁለተኛ ደረጃ።

ወልደሰንበት፦ ሲጋራ የሚያጨስ?

ዳኛቸው፦ ሦስተኛ። ፓኬቱ ላይ ተጽፎለታል።

ወልደሰንበት፦ (ቆይቶ) ሐኪም ጥሬ ሥጋ እንዳትነካ ያለው የደም ግፊት በሽተኛስ? እሁድ እሁድ የሚቆርጥ?

ዳኛቸው፦ እሱ… እሱ ባህል ነው። ባህል ደረጃ አይወጣለትም።

ወልደሰንበት፦ አሃ። ባለፈው ዓመት ከልኳንዳ ቤት እስከ ጤና ጣቢያ በጀርባዬ ያደረስኩዎት ጊዜ ደረጃውን ሳላጣራ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር።

ዳኛቸው፦ ያኔ የወሰድከኝ ጎረቤትህ ስለሆንኩ ነው።

ወልደሰንበት፦ እሷስ የማን ጎረቤት ናት?

ዳኛቸው፦ የሰው ጎረቤት። ያንተ አይደለችም።

(ባጃጁ ጭቃው ላይ ይቆማል። ይወርዳሉ።)

ካባው አፋፍ ሲደርሱ ሰው የለም። ሄኒ ሠራተኞቹን መንገድ ሊያሳይ ወደ አስፋልቱ ወጥቷል። ከአፋፉ አምስት እርምጃ መለስ ብሎ አንድ ጠና ያለ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ እስከ አፋፉ ያለው መሬት ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ወልደሰንበት በሆዱ ተኝቶ እየተሳበ ተጠጋና ቁልቁል አየ። የካባው ግድግዳ ቀጥ ያለ ባይሆንም ገመድ ያልያዘ ሰው የሚቆምበት አይደለም። አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቢጫ ጃኬት ታየው።

ወልደሰንበት፦ ርሆቦት።

ርሆቦት፦ (ከታች) አቤት።

ወልደሰንበት፦ ወልደሰንበት እባላለሁ። ሄኒ ነው የላከኝ። ተጎድተሻል?

ርሆቦት፦ አልተጎዳሁም። እግሬ ነው አልቆም ያለኝ፣ ይንቀጠቀጣል። እየዘመርኩ ነበር፣ አሁን ግን ግጥሙ ጠፋብኝ።

ወልደሰንበት፦ ሌላ መዝሙር ጀምሪ። ጀርባሽን ለግድግዳው ስጪ።

(ወልደሰንበት ጆሮውን መሬት ላይ ያደርጋል። ከታች ጠጠር ጠብ… ጠብ… ይላል።)

ዳኛቸው፦ (ከዛፉ ሥር ሆነው) ምን ታዳምጣለህ?

ወልደሰንበት፦ አፈሩን። ጠብታው ተቀራርቧል። ሊሄድ ነው።

ዳኛቸው፦ አፈር አይናገርም።

ወልደሰንበት፦ ለሁሉም ሰው አይናገርም።

(ተስቦ ይመለሳል። ጋሽ ዳኛቸው ክንዱን ይይዙታል። ድምፃቸው ዝቅ ይላል።)

ዳኛቸው፦ ወልዴ፣ ቀልዱን እንተወው። ጓደኛህን ነገሬን ረሳኸው?

ወልደሰንበት፦ አልረሳሁትም።

ዳኛቸው፦ የለቅሶውን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰካራም መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፣ ነገሬ ላውጣው ብሎ ገባ፣ ሁለቱም በሕይወት አልወጡም። ቀብር ላይ ትንሿ ልጁ እጄን ይዛ "ሰውየው ለምን ገባ?" አለችኝ። ስለየትኛው ሰውዬ እንደምትጠይቀኝ እንኳ አላወቅኩም። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አይተህ ታውቃለህ?

ወልደሰንበት፦ አላውቅም።

ዳኛቸው፦ እንግዲህ ያን ቀን ዝም አልኩ።

(ወልደሰንበት ገመዱን ከትከሻው አውርዶ እግሩ ሥር ያስቀምጠዋል።)

ወልደሰንበት፦ ያን ቀን ከላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ነገሬ ሊወርድ ሲል "ሰውየው እኮ ሰክሮ ነው" አልኩት። "ከወጣ በኋላ እንሰድበዋለን" አለኝ።

ዳኛቸው፦ አየህ? ሳይሰድበው ሄደ።

ወልደሰንበት፦ ሄደ።

ዳኛቸው፦ ለሚስትህ ለዘመነችስ ቃል አልገባህላትም? ሦስት ልጅ አለህ።

ወልደሰንበት፦ ሰው ያለበት ጉድጓድ አልገባም አልኳት።

ዳኛቸው፦ ታዲያ?

ወልደሰንበት፦ ይሄ ገደል ነው።

ዳኛቸው፦ ወልዴ።

ወልደሰንበት፦ ነገሬን የገደለው የታፈነ አየር ነው። እኔም ያኔ ገመድ ሳላስርበት ለቀቅኩት። እዚህ አየር አለ፣ ገመድ አለ፣ ዛፍ አለ። ጊዜ ነው የሌለው። ይዘው ይርዱኝ ወይ ደግሞ ብቻዬን አስሬው ልውረድ።

ጋሽ ዳኛቸው ዛፉን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ከታች የሚመጣውን የተቆራረጠ መዝሙር ሰሙ። ከዚያ ኮታቸውን ቆለፉ።

ዳኛቸው፦ እይዛለሁ። ግን በተቃውሞ ነው የምይዘው። ተቃውሞዬ ይያዝልኝ።

ወልደሰንበት፦ እርስዎ ገመዱን ይያዙልኝ እንጂ።

(ወልደሰንበት የገመዱን ጫፍ ዛፉ ላይ ያስራል፤ የተቀረውን ግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሮ ለጋሽ ዳኛቸው ያስጨብጣቸዋል፤ ሌላውን ጫፍ በወገቡና በጭኑ ያስራል።)

ወልደሰንበት፦ ግንዱ ነው የሚሸከመኝ፤ እርስዎ ማስተላለፍ ብቻ ነው። "ልቀቅ" ስል ትንሽ ይስጡኝ፣ "ያዝ" ስል ይያዙ።

ዳኛቸው፦ ልቀቅ? እኔን?

ወልደሰንበት፦ አዎ።

ዳኛቸው፦ በልጅ ፊት "ልቀቅ፣ ያዝ" ትለኛለህ? የአባትህ እኩያ እኮ ነኝ።

ወልደሰንበት፦ ስወድቅ "እርስዎ" ለማለት ጊዜ ላይበቃኝ ይችላል።

ዳኛቸው፦ አክብሮት ጊዜ አይፈጅም።

ወልደሰንበት፦ እሺ። ይልቀቁ፣ ይያዙ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከዛፉ ወዲያ እንዳያልፉ። ያ መሬት መሬት አይደለም።

(ወልደሰንበት ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ፣ ግድግዳውን በእግሩ እየረገጠ ይወርዳል። ከዓይን ይሰወራል።)

ወልደሰንበት፦ ይልቀቁ።

ዳኛቸው፦ (ገመዱን እያስተላለፉ) እንግዲህ መርሁ ይሄ ነው። ነፃነት አለኝ የሚል ሰው…

ወልደሰንበት፦ ይልቀቁ።

ዳኛቸው፦ …ውጤቱንም ራሱ ይያዝ።

ወልደሰንበት፦ ገና ነኝ፣ ለምን ይያዛል?

ዳኛቸው፦ ውጤቱን ነው ያልኩት።

ወልደሰንበት፦ ይልቀቁ እንጂ።

ዳኛቸው፦ ለቅቄያለሁ። መንግሥትም ቢሆን ዝም ብሎ መልቀቅ የለበትም፣ እንዲህ ያለውን ቦታ…

ወልደሰንበት፦ (እግሩ ይንሸራተታል) ያዝ።

(ጋሽ ዳኛቸው ገመዱን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ጠጠር ሲረግፍ ይሰማል።)

ዳኛቸው፦ አየህ፣ አንተ አልከኝ።

ወልደሰንበት፦ ይቅርታ ጋሽ ዳኛቸው።

ዳኛቸው፦ ምንም አይደል። ልቀቅ ወይስ ልያዝ?

ወልደሰንበት፦ ቀስ ብለው ይልቀቁ።

ወልደሰንበት እግሩ መደቧን ሲነካ መጀመሪያ ያየው የርሆቦትን እጅ ነው። ጥፍሮቿ አፈር ውስጥ ተቀብረዋል። "ደርሻለሁ" ብሎ ወደ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ ገመዱን ከራሱ ፈትቶ በእሷ ወገብ ማሰር ጀመረ።

ርሆቦት፦ ጌታ ይባርክዎት። ጌታ ይባርክዎት። በሞኝነት ነው እዚህ ያመጣሁዎት።

ወልደሰንበት፦ እጅሽን ከፍ አድርጊ። በዚህ በኩል ላሳልፈው።

ዳኛቸው፦ (ከላይ) ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ? አንድ ጥያቄ አለኝ። ስትወርጂ አደገኛ መሆኑን ታውቂ ነበር?

ርሆቦት፦ አዎ ጋሼ።

ዳኛቸው፦ እያወቅሽ?

ርሆቦት፦ ስድስተኛ ጊዜዬ ነው። ግን በበጋ ነበር የምወርደው። ዛሬ ላይቭ እገባለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ስለነበር ነው።

ዳኛቸው፦ ላይቭ ማለት በሕይወት መኖር ማለት ነው። እሱንማ አሁንም ነሽ፣ ምስጋና ለወልዴ።

ርሆቦት፦ አይ፣ ሰው በስልኩ እያየኝ ነበር ማለቴ ነው።

ዳኛቸው፦ ስንት ሰው?

ርሆቦት፦ አራት መቶ ምናምን።

ዳኛቸው፦ አራት መቶ ሰው ሲያይሽ አንድ ገመድ ያለው ጠፋ?

ርሆቦት፦ ልብ ላኩልኝ።

ወልደሰንበት፦ (ቋጠሮውን እያጠበቀ) የማንን ልብ?

ርሆቦት፦ ምልክት ነው ጋሼ። ቀይ።

ዳኛቸው፦ ምን አለች? አልሰማሁም። ድምፅ ጨምሪ።

ወልደሰንበት፦ ጋሽ ዳኛቸው፣ ድምፅዎ ቀረበኝ። ከዛፉ አልፈዋል?

ዳኛቸው፦ እያየሁ ነው የምረግጠው። ልጄ፣ ይሄን ወጣት ሆነሽ ካልሰማሽው መቼም አትሰሚውም። አንደኛ፣ ሕይወትሽ ያንቺ ብቻ አይደለችም። ሁለተኛ…

(መሬቱ ጋሽ ዳኛቸውን ይከዳቸዋል። አፈር፣ ቅጠልና ኮፍያቸው ቁልቁል ያልፋሉ። ከዚያ ጸጥታ።)

ኮፍያው በወልደሰንበት ትከሻ አጠገብ እየተሽከረከረ ታች ወረደ። ወልደሰንበት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ነገሬ ሲወርድ የነበረው ጸጥታ እንደዚህ ነበር። ርሆቦት ክንዱን ጨበጠችው።

ወልደሰንበት፦ ጋሽ ዳኛቸው።

(ጥቂት አፈር ይረግፋል።)

ወልደሰንበት፦ ጋሽ ዳኛቸው።

ዳኛቸው፦ (ከቁጥቋጦ ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ) ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነበርኩ።

ከአፋፉ ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከእነ ርሆቦት ትንሽ ወደ ጎን፣ ጋሽ ዳኛቸው አንድ ቁጥቋጦ በሁለት እጃቸው አቅፈው ተንጠልጥለዋል። አንድ እግራቸው ድንጋይ አግኝቷል፣ ሌላው ይፈልጋል።

ወልደሰንበት፦ ተጎዱ?

ዳኛቸው፦ እሱን ለመገምገም ጊዜው ገና ነው።

ወልደሰንበት፦ የያዙት ጠንካራ ነው?

ዳኛቸው፦ ቅጠሉ ጥሩ ነው። ሥሩ ግን ይታየኛል።

ወልደሰንበት፦ እንዳይንቀሳቀሱ።

ዳኛቸው፦ አንድ ነገር ግን ይለይልኝ። እሷ ጀብደኛ ናት። እኔ አደጋ ደርሶብኝ ነው።

ወልደሰንበት፦ እሺ ጋሽ ዳኛቸው። ገደሉ ግን ያው ነው።

ርሆቦት፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለወልደሰንበት) ገመዱ ከዛፉ ጋር ታስሯል አይደል? እኔ ልውጣና ከላይ ልሳባቸው። ገመድ ካለኝ መውጣቱን አውቅበታለሁ።

ወልደሰንበት፦ እግርሽ ይንቀጠቀጥ የለ?

ርሆቦት፦ (እግሯን አይታ) መንቀጥቀጡ ተወኝ።

ዳኛቸው፦ ሰምቻለሁ። አይሆንም። ወልዴ፣ አንተ ና።

ወልደሰንበት፦ እኔ ሰማንያ ኪሎ ነኝ። በእኔ ክብደት አፈሩ እርስዎ ላይ ይመጣል።

ዳኛቸው፦ እንግዲያው ባለሙያዎቹን እንጠብቅ። በሥርዓቱ።

ርሆቦት፦ ቁጥቋጦው ይጠብቃል ጋሼ?

ዳኛቸው፦ (ሥሩን አይተው) ልጄ፣ ኪሎሽ ስንት ነው?

ርሆቦት፦ አርባ ስምንት።

ዳኛቸው፦ ቶሎ ውጪ።

(ርሆቦት ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግድግዳውን እየረገጠች ትወጣለች። ወልደሰንበት ከታች የምትረግጥበትን እየነገራት ያያታል። ጋሽ ዳኛቸው አጠገብ ስትደርስ ጥቂት አፈር ራሳቸው ላይ ትጥላለች።)

ርሆቦት፦ ይቅርታ ጋሼ።

ዳኛቸው፦ ሂጂ፣ ሂጂ።

(አፋፉን በሆዷ ተስባ ታልፋለች። ገመዱን ከወገቧ ፈትታ፣ ሰፋ ያለ ቀለበት አስራበት ለጋሽ ዳኛቸው ታወርድላቸዋለች፤ ሌላውን ጫፍ ግንዱ ላይ እያዞረች ትይዛለች።)

ርሆቦት፦ ራስዎንና አንድ ክንድዎን ያስገቡ።

ዳኛቸው፦ ይሄን ማን አስተማረሽ?

ርሆቦት፦ ቪዲዮ አይቼ ነው። ሌላውንም ክንድ።

ዳኛቸው፦ ቪዲዮ ብቻ?

ርሆቦት፦ አሁን ቁጥቋጦውን ይልቀቁ።

ዳኛቸው፦ አልለቅም።

ርሆቦት፦ ይዤዎታለሁ ጋሼ። ይልቀቁ።

ዳኛቸው፦ ወልዴ፣ ምን ትላለህ?

ወልደሰንበት፦ (ከታች) ይልቀቁ እላለሁ።

(ጋሽ ዳኛቸው አንድ እጅ ይለቃሉ። ከዚያ ሌላውን። ርሆቦት ትስባለች፣ እሳቸው በጉልበታቸው ይቧጥጣሉ፤ አፋፉ ላይ ኮታቸውን ይዛ ትጎትታቸዋለች። ሁለቱም ዛፉ ሥር ይወድቃሉ።)

ርሆቦት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ጋሽ ዳኛቸው አዩዋት። በጭቃ የተለወሰ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና ገመዱን አንስተው ለወልደሰንበት ወረወሩ። ወልደሰንበት ሲወጣ ሁለቱም ገመዱን ይዘው ነበር። "ይሳቡ" ሲል ሳቡ፣ "ይያዙ" ሲል ያዙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ዳኛቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ወልደሰንበት ሲሰማ የቆየው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ወልደሰንበት ዛፉ ሥር ደርሶ ገመዱን ከወገቡ ሳይፈታ ከታች ከባድ ድምፅ መጣ። የርሆቦት መደብ ከነግድግዳው ተንሸራቶ ወረደ። ሦስቱም እርጥብና ረጅም የአፈር መውደቅ ድምፅ ሰሙ። ርሆቦት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ትንሽ ቆይቶ ሄኒ ከአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹ ጋር እየሮጠ ደረሰ። ከፊት የቆመችው ጽጌማርያም ትባላለች፤ ቀይ ቆብ አድርጋለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሦስቱንም አንድ በአንድ ካየች፣ ርሆቦትን ብርድ ልብስ ካስለበሰች በኋላ ገመዱን አነሳች።

ጽጌማርያም፦ ይሄ የማን ነው?

ወልደሰንበት፦ የኔ ነው።

ጽጌማርያም፦ (በጣቷ እየዳሰሰች) እዚህ ጋ ተልጧል። ሁለት ሰው ባንዴ ቢንጠለጠልበት ይበጠስ ነበር። ሦስት ሬሳ ልታሸክሙን እንደነበር ገብቶሃል?

ወልደሰንበት፦ ገብቶኛል እህቴ። አንድ አንድ እያልን ነው የወጣነው።

ጽጌማርያም፦ ሌላ ጊዜ ጠብቁን።

ወልደሰንበት፦ እሺ።

(ጽጌማርያም ወደ ታች ታያለች፤ መደቧ የነበረበት ቦታ ትኩስ ቀይ አፈር ነው። ገመዱን ቀስ ብላ ትመልስለታለች።)

ወልደሰንበት፦ እህቴ፣ እናንተ ከመውረዳችሁ በፊት ትጠይቃላችሁ? ማለቴ፣ የወደቀው ሰው ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም ብላችሁ?

ጽጌማርያም፦ ስሙን እንጠይቃለን።

ወልደሰንበት፦ ስሙን ብቻ?

ጽጌማርያም፦ እየጠራነው ነው የምንወርደው። ሰው ስሙን ሲሰማ እጁን አይለቅም።

ወልደሰንበት ራሱን ነቀነቀ። ጽጌማርያም ቅጽ አወጣች፤ ከጃኬቷ ኪስ ደግሞ እስክሪብቶ። ጋሽ ዳኛቸው ይሄን ሲያዩ ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ሸሚዛቸውን ወደ ሱሪያቸው አስገቡ።

ዳኛቸው፦ ሪፖርቱን እኔ አስጽፍሻለሁ። የእድር ጸሐፊ ነኝ።

ጽጌማርያም፦ ጥሩ አባቴ። ከገደሉ የወጡት ስንት ናቸው?

ዳኛቸው፦ ልጅቷ አንድ። ወልደሰንበት ለማዳን ስለገባ አይቆጠርም።

ጽጌማርያም፦ ሄኒ አንድ ሽማግሌም ሲወድቁ አይቻለሁ ብሏል። ከወዲያ ማዶ መንገድ ላይ ሆኜ አየሁ ነው የሚለው።

ዳኛቸው፦ ከሩቅ ሲታይ እንደዚያ ሊመስል ይችላል።

ርሆቦት፦ (ከብርድ ልብሱ ውስጥ) ጋሼ።

ዳኛቸው፦ እሺ፣ ሁለት በይ። ሁለተኛው ዳኛቸው ነው።

ጽጌማርያም፦ (እየጻፈች) ልጅቷ ለቪዲዮ ወርዳ ገመዷ ወደቀ። እርስዎስ? የት ነበሩ?

ዳኛቸው፦ ዛፉ ጋ። ገመድ ይዤ።

ጽጌማርያም፦ ዛፉ ጋ ከነበሩ እንዴት ወደቁ?

ዳኛቸው፦ ወደ አፋፉ ትንሽ ጠጋ ብዬ ነበር።

ጽጌማርያም፦ ለምን?

(ጋሽ ዳኛቸው ወልደሰንበትን ያያሉ። ወልደሰንበት ገመዱን በግራ በኩል እየጠቀለለ ሰማዩን ያያል። ርሆቦት ጫማዋን ታያለች።)

ጽጌማርያም፦ አባቴ፣ ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። አፋፉ ላይ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?

ዳኛቸው፦ (ጉሮሯቸውን ጠርገው) አፋፍ አደገኛ መሆኑን ልመክራት።